አንድ ኪሎ ምርቃት

ሳህሌ ወልደገብርኤልን የሰደበው ከማለዲን ነው። ቀኑ ጥር 15፣ 1963 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከረፋዱ አምስት ከሩብ፣ ቦታው አቃቂ በሰቃ፣ ከእህል ተራው በስተግራ ሦስተኛው መደብር ደጃፍ። ፀሐይ ነበር፤ ነፋስ አልነበረም። የሳቁት ሰዎች አሥራ አንድ ናቸው። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሳህሌ በሁለቱም ቀብር ላይ ተገኝቶ፣ አፈር አልብሶ፣ እዝን ቀምሶ ተመልሷል፤ የዚያን ዕለት ጥርሳቸው እስከ መንጋጋ መታየቱን ግን አልረሳላቸውም።

እንዲህ ያለ የማስታወስ ተሰጥዖ ለሁሉም አይሰጥም። ሳህሌ የልጆቹን የልደት ቀን የሚያውቀው ሚስቱን አለሚቱን ጠይቆ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሁለት ዓመት ተቀምጦ ከወንዞቹ ሁሉ የያዘለት ዓባይ ብቻ ነው፤ እሱንም ሳያስተምሩት ያውቀዋል። የተሰደበበትን ቀን ግን ጠይቁት። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ላይ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበርና፣ ማን ስንት ደቂቃ እንዳረፈደ መመዝገብ እንጀራው ነው። ለድርጅቱ ይህን ያህል የተጋ ሰው ለራሱ ሲሆን እንዴት ይሰንፋል?

ነገሩን የጀመረው ራሱ ሳህሌ ነው፤ ይህቺን እሱ ሲያወራ ይዘላታል። ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ ሊገዛ ሄዶ፣ ገበያተኛው ሁሉ በሚሰማበት «ሚዛንዎ ይበላል» አለው ከማለዲንን። በ«እርስዎ» ነው ያለው፤ ለዚህ ጨዋነቱ እስከ ዛሬ አመስጋኝ አላገኘም። ከማለዲን ከወሎ መጥቶ ሃያ ዓመት በእህል ንግድ የኖረ፣ ሲቆጣ ድምፁ የሚቀንስ ሰውዬ ነው። ከባስኩላው፣ ከትልቁ የጆንያ ሚዛን ላይ ጆንያውን አወረደና ክብደትህን ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ሳህሌ ደረቱን ነፍቶ ስልሳ ኪሎ ነኝ አለ። እንግዲያው ውጣበትና ሚዛኑን ፈትነው ተባለ። ወጣ። ከነካፖርቱ፣ ከነጫማው። አንዴ ተመዘነ፤ አላመነምና ሁለተኛ ተመዘነ።

«ሚዛኔስ አልበላም፣ አንተን የበላህ ነገር ግን አለ» አለ ከማለዲን። «አርባ ዘጠኝ። ጎዶሎ ቁጥር ለሰው ልጅ ደስ አይልም፤ አንዷን ኪሎ እኔ ልመርቅልህና ግማሽ ኩንታል እንበልህ።»

አሥራ አንዱ ሰዎች የሳቁት ያኔ ነው።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሳህሌ የሚባል ሰው አቃቂ ውስጥ አልታየም። ሾፌሩም፣ አናጢውም፣ ጠላ ሻጯም «ግማሽ ኩንታል» ማለት ጀመሩ። ጨዋ የሆኑት «ጋሽ ግማሽ ኩንታል» ይሉታል። እድሩ ውስጥ መዋጮ የሚሰበስበው ሰው አንድ ቀን በሩን አንኳኩቶ «ግማሽ ኩንታል ቤት ናቸው?» ብሎ በአክብሮት ጠይቋል። በተለይ የቆጨው ግን ያቺ ምርቃት ናት። ሰው ቢሰደብ በራሱ ልክ ይሰደባል። እሱ የተሰደበበት ስም እንኳ አንድ ኪሎ የሰው እጅ አለበት።

አብዮቱ ሲፈነዳ ሳህሌ የፍትሕ ቀን መጣ ብሎ ነበር። እውነትም ትንሽ መጣ። የከማለዲን መደብር ባዶውን ቀረ። እሱም በ1970 ዓ.ም. እህል ደብቀሃል ተብሎ ሰባት ወር ታስሮ፣ በምርኩዝ እየሄደ ወጣ። ባስኩላው ተወርሶ ወደ ቀበሌው ኅብረት ሱቅ ተዛወረ። አብዮቱ ሁሉን ሲወርስ ያልወረሰው ነገር ቢኖር ያንን ስም ነው፤ ስሙን እንደ ግል ንብረት ለሳህሌ ተወለት።

በ1973 ዓ.ም. የቀበሌ ምርጫ መጣ። ለፍርድ ሸንጎው አምስት ዳኞች ይፈለጉ ነበር። አምስቱ እነማን እንደሆኑ ከመስኮት ውጭ ያለ ውሻ ሳይቀር ያውቃል። ሆኖም አምስት ሰው ለአምስት ወንበር ቀርቦ ምርጫ ሊባል አይችልምና ስድስተኛ ተፈለገ፤ የማይጎዳም የማይጠቅምም። ሳህሌ ተጠቆመ። ለምን እንደተጠቆመ አልጠየቀም። በሱ ቤት ሰፊው ሕዝብ ዘግይቶም ቢሆን ዓይኑ በርቶለታል።

ወንበሩን የፈለገው ለደመወዝ እንዳይመስላችሁ፤ ደመወዝ የለውም። የፍርድ ሸንጎው የስድብና የዘለፋ ክስ ያያል። ይህን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ ጥሩ ሆኖለታል። መዝገቡ ዝግጁ ነው፤ ተከሳሽ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ምስክሮች፣ የሞቱት ተቀንሰው። ከማለዲን በምርኩዙ ቆሞ «ክቡር ዳኛ» ሲለው በዓይነ ኅሊናው አይቶታል። አንድ ጊዜማ ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ይህንኑ ሲያይ ሁለት አርፋጆች ሳይመዘገቡ አልፈዋል።

እጩዎቹ ሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጣቸው። አሠልጣኙ ጓድ መገርሳ ይባላል፤ ከበላይ አካል ከተላከ ሁለት ሳምንቱ የሆነ፣ ከአርሲ የመጣ፣ ዕድሜው ሃያ ስድስት ቢሆን ነው፣ ድምፁ ግን ለስታዲየም የተፈጠረ ካድሬ። በቀበሌው ውስጥ የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ ይህም ለገለልተኛነቱ ዋስትና ነው ተብሏል። በመጀመሪያው ቀን ስለ ዓለም አቀፍ ሁኔታ አስረዳ። በሁለተኛውም ስለ ዓለም አቀፍ ሁኔታ አስረዳ። በሦስተኛው ቀን ወደ አቃቂ ወረደና እጩ ሲሰደብ ምን ይመልሳል የሚለውን አነሣ።

እንደ ጓድ መገርሳ ትምህርት ስድብ የሚባል ነገር ከአብዮቱ ጋር ቀርቷል። አሁን ያለው ሁለት ነገር ነው። ከሰፊው ሕዝብ የመጣ እንደሆነ ሂስ ይባላል፤ ከጠላት የመጣ እንደሆነ ቅስቀሳ ይባላል። ለሂስ መልሱ አንድ ነው፦ ተነሥቶ «ሂሱን ተቀብያለሁ» ብሎ መቀመጥ። ለቅስቀሳ እጩው ምንም አይመልስም፤ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ይመልሱለታል። አንዱ እጩ ሂስና ቅስቀሳ ከአንድ አፍ በአንድ ቃል ቢወጡ በምን ይለያሉ ብሎ ጠየቀ። በተሰዳቢው ንቃት ይለያሉ ተባለ። እጩው ቅስቀሳ ነው ካለ ቅስቀሳ ነው። ሳህሌ ይህቺን ሁለት ጊዜ አሰመረባት። ከሁሉ በላይ ግን ማብራሪያ ክልክል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው፣ ተሳስታችኋል እያሉ መዘብዘብ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው ብሎ መገርሳ ጠረጴዛውን መታ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሳህሌ ቤቱ ገብቶ አለሚቱን ስደቢኝ አላት። መጀመሪያ ግራ ገባት። ለምርጫው ልምምድ መሆኑን ሲያስረዳት የምትለቅመውን ምስር ወደ ጎን አድርጋ፣ ምን ብዬ ልስደብህ አለች እየተሽኮረመመች። የመጣልሽን አላት። ሰነፍ አለችው። ተነሥቶ ሂሱን ተቀብያለሁ ብሎ ተቀመጠ። ኩሩ አለችው። ሂሱን ተቀበለ። ከዚያ እየሞቃት ሄደች። ከመስከረም ጀምሮ የሚያፈሰውን ጣሪያ አነሣች። እህቷ ወንበር አልለቀቀችልኝም ብሎ ሁለት ዓመት ያኮረፋትን አነሣች። ከሠርግ በተመለሰ ቁጥር ሙሽራዋ ምን እንደለበሰች ሳይሆን ማን እንዳልተነሣለት እየቆጠረ ሲነግራት ማደሩን አነሣች። ሳህሌ በእያንዳንዱ ተነሣ፣ ተቀበለ፣ ተቀመጠ። አሥራ አንደኛው ላይ ጉልበቱ ደከመ። አለሚቱ ወደ ምስሯ ተመለሰችና፣

«ሃያ ዓመት ሙሉ ስነግርህ አንዱንም ተቀብለህ አታውቅም» አለች። «ይሄ ምርጫ በየሳምንቱ ቢሆን ምን አለበት?»

ግንቦት 2 ቀን፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተብሎ የተጠራው ስብሰባ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። አዳራሹ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ግማሹ አሁን ኅብረት ሱቅ ነው። በሱቁ በር አጠገብ ባስኩላው ቆሟል፤ አጠገቡ ሻጯ ፈለቀች ሽርጧን ታጥቃ ተቀምጣለች። ሳህሌ ከእጩዎች ወንበር ሆኖ ባስኩላውን ላለማየት ወደ መፈክሮቹ ዞሮ ነበር። ከማለዲን በመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ሁለት እጁን በምርኩዙ ራስ ላይ ጭኖ ተቀምጧል። ስብሰባ መቅረት ለእንደሱ ዓይነቱ ሰው ጤና አይደለም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መታወቅ አለበት። በጓድ መገርሳ ቦርሳ ውስጥ ስም የሌለው ደብዳቤ ነበር። ከኅብረት ሱቁ ጤፍ እየጠፋ ነው ይላል። ማን እንደወሰደው አይልም። መገርሳ ለሁለት ሳምንት ሌባውን ሲያስብ ከርሟል።

አምስቱ እጩዎች በየተራ ተነሡ። ሕዝቡ በነሱ ላይ ያገኘው ጉድለት ከባድ ነበር፤ አንደኛው ለጤናው አይጠነቀቅም፣ ሌላኛው ከመጠን በላይ ትሑት ነው፣ ሦስተኛው ዕረፍት አያውቅም። ሁሉም ሂሱን ተቀብለው ተቀመጡ። ከዚያ መገርሳ «ጓድ ሳህሌ ወልደገብርኤል» ብሎ ጠራ።

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ከመሐል አንዲት ሴት ሳህሌ ማን ነው ብላ ጠየቀች። እታገኝ ናት፤ ከሳህሌ ጋር ግድግዳ ተጋርታ አሥራ ሁለት ዓመት የኖረች ጎረቤቱ።

«ግማሽ ኩንታል ነዋ» አሏት ከሦስት አቅጣጫ።

ሕዝቡ ሁሉ አሃ አለ። ግማሽ ኩንታልማ ያውቀዋል፤ አንዳንዱ እጁን ለማውጣት ጭምር ተዘጋጀ። መገርሳ ግን አንገቱን ቀና አደረገ።

«ግማሽ ኩንታል ምን?» አለ።

ከኋላ አንድ ቀልደኛ «ጤፍ ነዋ ጓድ፤ ያውም ማኛ» አለና ሳቅ ሆነ። መገርሳ አልሳቀም። እጁ ወደ ቦርሳው ሄዶ ደብዳቤውን አወጣ። ጓድ ሳህሌ ሕዝቡ ስለ ግማሽ ኩንታል ያነሣውን ሰምተሃል፣ ምን ትላለህ አለው። «አንተ» መባሉን ሳህሌ ቀንና ሰዓቱን ይዞ ለሌላ ጊዜ አስቀመጠው። አሁን የሚያስፈልገው ንቃት ነው። አሥር ዓመት ያንገበገበው ስም በሕዝብ ፊት ተጠርቷል፣ እሱም አልተቆጣም፣ አልተንቀጠቀጠም። ተነሣ።

«ሂሱን ተቀብያለሁ» አለና ተቀመጠ።

እንዲህ አሳምሮ ሂስ የተቀበለ የዚያን ዕለት አልነበረም። መገርሳ ራሱ ተገረመ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ግለ ሂስ ማለት ይህ ነው አለ፤ ጓዱ የሕዝብን ጤፍ ግማሽ ኩንታል መውሰዱን ሳይገረፍ፣ ሳይጠየቅ፣ በራሱ አንደበት አምኗል፤ ይህ ግን የኢኮኖሚ አሻጥር ነውና ማመኑ ከቅጣት አያድነውም። ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲያሰፍር አዘዘ። ጠመንጃ የያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች መጥተው ከሳህሌ ግራና ቀኝ ቆሙ። በዚያ ጊዜ ስለ አንድ ጆንያ ጤፍ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

ሳህሌ ጤፉን አልነካም፤ ነገር ግን ማብራሪያ ክልክል ነው። ሆኖም የቀኙ ሰውዬ ክንዱን ሲይዘው የንዑስ ከበርቴ ጠባዩ አመለጠው።

«ጓድ፣ ግማሽ ኩንታሉ እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ መሆንህንማ ተቀብለሃል» አለ መገርሳ። «የት እንዳደረስከው ነው የሚቀረው።»

ሳህሌ ወደ ሕዝቡ ዞረ። አሥር ዓመት በየመንገዱ፣ በየለቅሶው፣ በየአውቶቡሱ ያንን ስም ሲጠሩ የኖሩ ሁሉ «አሻጥር» የምትለዋን ቃል ከሰሙ ወዲህ ስሙን ረስተውታል። እታገኝ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች። ቀልደኛው ጭራሽ ከአዳራሹ የለም። አለሚቱ ብቻ ቆማ ልትናገር ስትል፣ የቤተሰብ ምስክርነት አይፈለግም ተብላ ተቀመጠች።

ያኔ የምርኩዝ ኳኳታ ተሰማ። ከማለዲን ከመጨረሻው ረድፍ ተነሥቶ እያነከሰ ወደ ፊት መጣ። መገርሳ ማን እንደሆነ ጠየቀ። ጸሐፊው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ነገረው፤ ምን እንዳለው ከመገርሳ ቅንድብ መገመት ይቻላል። ነጋዴ፣ ያውም የታሰረ። ተናገር ተባለ።

ከማለዲን ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ሳህሌ እንደሚያውቀው፣ ሲቆጣ ነው እንዲህ የሚሆን። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ አለ። የቅዳሜውን ነገር ከመጀመሪያው ተረከው፤ ሳህሌ ሁሌ የሚዘላትን ሳይዘል፣ «ሚዛንዎ ይበላል» ከሚለው ጀምሮ፣ ስልሳ ኪሎውን ጨምሮ፣ ሁለት ጊዜ መመዘኑንም ጨምሮ። ሕዝቡ መሬት መሬት እያየ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳህሌ በሁለት ጠመንጃ መካከል ቆሞ፣ ጥር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. እንደገና ሲጀመር ሰማ፤ አሁን ግን ምስክሮቹ አራት መቶ ናቸው።

«ደግሞስ ጌታዬ… ጓድ» አለ ከማለዲን ሲጨርስ፣ «ይሄን ሰው እየው። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ቢሄድ፣ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ማን ማንን እንደተሸከመ ይለያል? ወላሂ፣ ሌባስ አይደለም። አቅሙም የለው።»

መገርሳ በወሬ አላመነም። ሳይንሳዊ ነኝ ባይ ነውና ይመዘን አለ።

ፈለቀች ሽርጧን አራግፋ ተነሣች። ሳህሌ ወደ ባስኩላው ሄደ። ጫማውን ሊያወልቅ ሲያጎነብስ ከማለዲን ያኔ ከነጫማው ነበር፣ ፍርድ እንዳይዛባ አለ። ከነካፖርቱ፣ ከነጫማው ወጣ። ፈለቀች ብረቷን ገፋች፤ መለሰች፤ ገፋች። የሚዛኑ ምላስ ትንሽ ተወዛውዞ ቀጥ አለ። ፈለቀች አንብባ አላመነችም መሰል መገርሳን ጠራችው። መገርሳ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ሃምሳ» አለ።

«ልክ ግማሽ ኩንታል» አለች ፈለቀች። «ግራምም አልተረፈው።»

መገርሳ ለረዥም ጊዜ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ ሳህሌን አየ። ደብዳቤው ከእጁ ወደ ቦርሳው ተመለሰ። ጠመንጃዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ጸሐፊው ቀደም ብሎ ያሰፈረውን ሠረዘ፤ ምን ብሎ እንደሚተካው ግን አላወቀም። ሳህሌ ዳነ። በቀበሌው ታሪክ ውስጥ በስድቡ እውነተኛነት ነፃ የወጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከማለዲን ግን ነጋዴ ነው፤ ሚዛን አጠገብ ቆሞ ዝም ማለት አይችልም። በምርኩዙ የባስኩላውን ጠርዝ ነካ ነካ አደረገና ወደ ሳህሌ ቀና አለ።

«እንግዲህ ሞልተሃል» አለው። «ያቺን አንድ ኪሎ ምርቃቴን መልስልኝ።»

ያ ሁሉ ታፍኖ የቆየ ሳቅ ያኔ ፈነዳ። እታገኝ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ከጠመንጃ ያዦቹ አንደኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አለሚቱ፣ የገዛ ሚስቱ፣ አፏን በእጇ ሸፍና ነበር።

ያልሳቀው መገርሳ ብቻ ነው። ጠረጴዛውን መትቶ አዳራሹን ጸጥ አሰኘ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ የቀድሞ ነጋዴ በሕዝብ እጩ ላይ አፊዟል አለ። ከዚያ ወደ ሳህሌ ዞረና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ አስተማሪ ጠየቀው።

«ጓድ ሳህሌ፣ ሂስ ነው ወይስ ቅስቀሳ?»

ሁለቱ ጠመንጃ ያዦች ሳይታዘዙ ከማለዲን አጠገብ ደርሰዋል። የሽማግሌው ከንፈር አሁንም የሳቅ ቅርጽ ይዟል፤ ምርኩዙ ግን የሲሚንቶውን ወለል ሳያውቀው ጠክ፣ ጠክ ያደርጋል። ምርኩዙን ያስያዘው የሰባቱ ወር እስር ነው።

ሳህሌ ባስኩላው ላይ እንደቆመ ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማለዲንን ወደ ታች አየው። ዳኝነቱ ይህ ነበር። ወንበር አልተፈለገም፣ ክስ አልተጻፈም፣ ምስክርም አልተቆጠረም፤ «ቅስቀሳ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነው የምትፈለገው፤ አሥር ዓመት በየበሩ፣ በየአልጋው ሲያልመው የኖረው ፍርድ በሷ ይፈጸማል። ሌላኛዋን፣ «ሂስ»ን፣ ደግሞ ትናንት ሚስቱ ፊት አሥራ አንድ ጊዜ ተለማምዷታል። እሷን ቢላት ግማሽ ኩንታል መሆኑ በቃለ ጉባኤ ይሰፍርለታል፤ ማኅተም ያርፍበታል። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አድርጎ አፉን እያየው ነው።

ከባስኩላው ወረደ። ብረቱ ከእግሩ ሥር ተንኳኳ፣ የሚዛኑ ምላስ ወደ ላይ ተወርውሮ ተንቀጠቀጠ። የካፖርቱን ኮሌታ አቃና። በከማለዲን አጠገብ ሲያልፍ ልብሳቸው ተነካካ፤ ዞሮ አላየውም። በእጩዎቹ ወንበሮች፣ በአለሚቱ፣ በእታገኝ፣ በአራት መቶው ሰው መሐል አለፈ። መንገዱን ከፈቱለት፤ ትንሽ ይበቃው ነበርና ብዙም አልተጨነቁ። «ጓድ ሳህሌ፣ መልስህን» አለ መገርሳ ከኋላው፤ ጠመንጃ ያዦቹም ያቺን ቃል ይጠብቃሉ።

ሳህሌ በሩን ገፋ። ቀትር ላይ ይሁን ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ይሁን ደመና ልብ ሳይል፣ የእጅ ሰዓቱንም ሳያይ ወጥቶ ሄደ።